ለዩኒቨርሲቲ የተላከ ሽማግሌ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በጨረስኩበት ዓመት፣ አባቴ ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ ፕሮሰስ ላይ ናት» ይል ነበር። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ አነጋገር የቪዛ ነው። ካርቱም ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ የአሜሪካን ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ነው ፕሮሰስ ላይ ነው የሚባለው። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ አባቴ እንዲህ ሲል የሰሙ ሴቶች ግራ ተጋብተው ያዩኝ ነበር። እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ እዚሁ አሜሪካ፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ ነው ያደግኩት።

«ወዴት ልትሄድ ነው ደግሞ?» አለች አንዷ።

«ዩኒቨርሲቲ ነዋ» አላት አባቴ። «ስሟ ሊስት ላይ ወጥቷል። ጥሪ ብቻ ነው የቀራት።»

እኔ አቀርቅሬ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ። ስሜ ሊስት ላይ መውጣቱ እውነት ነበር። ጥሪ ብቻ ነው የቀራት የሚለው ግን እውነት አልነበረም። ሰው ፊት ላርመው አልደፈርኩም። ቤት ስንገባም አላረምኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምመኘው ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን በስተምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለጉብኝት ወስዶን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንዲት ልጅ መስኮት ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ስታነብ አየሁ። ማንም አያናግራትም፤ እሷም ማንንም አታናግርም፤ ደስ ብሏታል። እዚያ መሆን አለብኝ ብዬ የወሰንኩት ያኔ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ። እሺም አይልም፣ እምቢም አይልም። የተቀበልናቸው ተማሪዎች ቁጥር ለጊዜው በቂ ነው፤ ከእነሱ መካከል የሚቀር ካለ ልንጠራሽ እንችላለን፤ ዌይትሊስት ላይ መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይ? ነው የሚለው። እፈልጋለሁ የሚለውን ተጭኜ ላክሁ።

ሌላው ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነበር፤ በሰሜን በኩል፣ ከሌዊስቪል ከተማ አለፍ ብሎ። እሱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ተቀብሎኛል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ሜይ አንድ ድረስ እመጣለሁ ብዬ ማረጋገጥና ለቦታው መያዣ የሚሆን ትንሽ ዲፖዚት መክፈል። ያ ቀን ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«እሱን እንዳትነኪው» አለኝ አባቴ።

አባቴ ዝም ብሎ ግትር ሰው አይደለም። ምክንያት ነበረው። አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ካርቱም ሰባት ዓመት ተቀምጧል። አንድ ክፍል አብሮት የተከራየ ጓደኛ ነበረው። ሁለቱም የስደተኞች ቢሮ ኬዝ ከፍተው ይጠብቃሉ። በመካከል የጓደኛው ዘመድ በሌላ በኩል፣ ለሌላ አገር፣ ሁለተኛ ኬዝ አስከፈተለት። ጓደኛው ካንዱ ቢቀር ካንዱ አላጣም ብሎ ዝም አለ። ቢሮው ደረሰበትና ሁለቱንም ዘጋበት። አባቴ ተጠርቶ ወጣ፤ ጓደኛው እዚያው ቀረ። ያንን ሰው ሲያነሳ እስከ ዛሬ ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለኝ። «ኬዝሽ አንድ ይሁን። ሌላ ቦታ ከፈልሽ ማለት ይሄኛውን ተውኩት ማለት ነው። ኮምፒውተር ነው፣ ያያል።»

«አባዬ፣ ዌብሳይታቸው ላይ እኮ ሌላ ቦታ ያዙ ይላል።»

«ወረቀቱ ሌላ፣ ሠራተኛው ሌላ። ካርቱምም ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሌላ ነበር፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው የሚሠራው ሌላ ነበር።»

እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ያን ቀን የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሸች ታዳምጠን ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ኦገስት ላይ ልጅቷ ሜዳ ላይ ብትቀርስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። የቸገረን ያንተ አለማወቅ ነው።»

አባቴ ተነስቶ ወጣ። ውጪ መኪናውን ሲያጥብ ቆየ። መኪናዋ ንጹሕ ነበረች።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው። ስልክ ደውዬ መጠየቅ። ግን ስልክ ያስፈራኛል፤ ዛሬም ያስፈራኛል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የምለውን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። ከዚያ ደወልኩ፤ የተቀዳው ድምፅ አንድን ተጫኑ፣ ሁለትን ተጫኑ ሲል ዘጋሁት። በማግስቱ ተማሪ የሚያማክረው የትምህርት ቤቱ ካውንስለር በር ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ሦስት ልጆች ነበሩ። አንዷ ታለቅሳለች። የኔ ጉዳይ ከሷ አይበልጥም አልኩና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ሜይ አንድ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው አባቴ ከሥራ ሲገባ ፊቱ በርቷል።

«አገኘሁት» አለ። «ሽማግሌ እንልካለን።»

እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ወዴት?»

«ወደ ዩኒቨርሲቲው።»

ሽማግሌ በእኛ ዘንድ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ ወይም የተቀየመን ሰው ይቅር በለን ለማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ጋር አልተጣላም። አባቴ ግን በሩን ዘግቶ ዝም ያለን ሰው ለማናገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አያውቅም። ምሽቱን የእድራችን ሊቀመንበር ቤታችን መጡ። ድሮ ደሴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው ከሴት ልጃቸው ጋር እኛው ሰፈር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ትንሽ ትልቁ ጋሼ ነው የሚላቸው። በሳቸው ሽምግልና ያልታረቀ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ካለም ሰፈር ለቋል።

አባቴ ጉዳዩን ዘርዝሮ ነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥፋት አለባት?»

«ኧረ የለባትም፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

«ፈተና ላይ ኮርጃ፣ መምህር ተሳድባ፣ እንዲህ ያለ ነገር?»

«እሷ? እሷ ሰላምታም በግድ ነው የምትሰጠው።»

«እንግዲያው ቀላል ነው» አሉ። «ሽምግልና የሚከብደው የበደለ ሰው ሲኖር ነው። ችግሩ፣ ሽማግሌ ሦስት ነበር የሚሆነው። አንደኛው ጓደኛችን ኦክላሆማ ጭነት ይዞ ሄዷል። ሌላኛው የኩላሊት ዳያሊሲስ አለበት። ብቻዬን እገባለሁ። አንተ ታስተረጉምልኛለህ።»

ማጀት ገብቼ የእናቴን ክንድ ያዝኩ። «እማዬ፣ በናትሽ አስቀሪያቸው። ሰው ይስቅብናል።»

እናቴ እጇን በፎጣ አደረቀች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተያቸው» አለችኝ። «አባትሽ የወረቀት ቃል አያምንም። የኔንም፣ ያንቺንም ቃል አያምንም። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው በአፉ ሲናገር ካልሰማ አይመለስም። ሄዶ ይስማ።»

ሜይ አንድ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄድን። አባቴ ኤርፖርቱ አካባቢ የመኪና ማቆሚያ አመላላሽ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደ። ለሠርግ የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ለበሰ። ጋሼ በሱፋቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ወንበር ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ በመስኮት የሚያልፉትን መጋዘኖች እቆጥራለሁ። ስጨነቅ መቁጠር ልማዴ ነው።

«አለቃቸው ማን ይባላል?» አሉ ጋሼ።

«ዲን የሚሉት አለ መሰለኝ።»

«ዲን ጥሩ ነው። ዲን ያዳምጣል። እኛም ዘንድ ነበር።» ትንሽ ቆዩና ደግሞ «ሴት ናት ወንድ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ሴት ብትሆን ይሻላል። ሴት የልጅ ነገር ይገባታል።»

ሕንጻው ፊት ለፊት ፓርክ አደረግን። መኪና ውስጥ ልቆይ አልኩ። አባቴ ይቆጣል ብዬ ስፈራ «ደግ» አለኝ። «ባለጉዳይ ሽምግልና አይገባም።» ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ጋሼ በከዘራቸው፣ አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ ገቡ።

የሕንጻው ፊት መስታወት ስለነበር ሁሉን አያለሁ፤ አልሰማም እንጂ። ጠረጴዛ ጀርባ ያለች ሴትዮ ፈገግ ብላ ወንበር አሳየቻቸው። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ አንድ ነገር ተናገረ። ሴትዮዋ ወንበሩን ደግማ አሳየች። ጋሼ ደግመው ጎንበስ አሉ፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ተቀመጡ ሲባል ጉዳያችንን ሳትሰሙን አንቀመጥም ማለት ደንብ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ አባቴ ያውቃል፤ ሴትዮዋ ግን ከየት ታውቃለች? ከጠረጴዛው ዞራ ወጥታ ወንበሩን ራሷ ስባ አቀረበችላቸው። ጋሼ ወንበሩን መረቁት መሰለኝ፤ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አልተቀመጡም። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። በጣቶቼ መካከል ሳይ፣ ሴትዮዋ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም ነበር። እሷም እንደሳቸው ቆማለች።

ከዚያ አባቴ ብቻውን ወጥቶ ወደ መኪናው መጣ። በሩን ከፈተልኝ።

«ነይ። ካንቺ በቀር ለማንም አልናገርም አለች።»

«እኔ ምን ብዬ?»

«እኔ እንጃ። ሕግ ነው አለች። አባቷ ነኝ አልኳት። አባትም ቢሆን አለች።»

ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። የአውቶቡሱን ቁልፍ ለሌላ ሹፌር አስረክቦ የቆመ ሰው ይመስል ነበር፤ እጁን የሚያደርግበት ቦታ ያጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈራሁት ስልክ ድንገት ትንሽ ነገር ሆነብኝ። ወረድኩ።

ሴትዮዋ ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለች። መነጽሯ በሰንሰለት ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አመልካቿ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ አዎን አልኳት። «ሃኒ» አለችኝ፣ የኔ ማር እንደ ማለት። «እኚህ ጌታ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ። እሳቸው ቆመው እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም። ምን ልርዳሽ?»

አባቴ ያየኛል። ጋሼ ከኋላዬ በአማርኛ «ልጄ፣ አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ ጠይቂ» አሉኝ።

ጠየቅኩ። ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ይዤው ስለኖርኩ ቃሉ አልጠፋኝም፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ እኔ አዘነበለችና «ይቅርታ?» አለች። ለዓይን አፋር ሰው የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም የሚከብደው። ድገሚ ሲባል ነው። ደገምኩት። የተማሪዎች ፎቶ በተሰቀለበት በዚያ አዳራሽ የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

«ሌላ ዩኒቨርሲቲ እመጣለሁ ብዬ ዲፖዚት ብከፍል፣ እዚህ ከሊስቱ እወጣለሁ?»

«በፍጹም!» አለች። ደንግጣ ነበር። «እስካሁን አልከፈልሽም እንዴ? ሃኒ፣ መክፈል አለብሽ። ሁሉንም ሰው የምንለምነው ይህንኑ ነው። እኛ ከጠራንሽ ያኔ ያንን ትተያለሽ። ካልጠራንሽ ደግሞ መሄጃ ይኖርሻል። ቀኑ እኮ ከነገ ወዲያ ነው።»

አባቴን አላየሁትም። ለማየት ፈርቼ ነበር። ድምፁን ግን ሰማሁት፤ እንግሊዝኛው ሲጨነቅ እንደሚሆነው ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል።

«ቁጥሯ ስንት ነው?»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። «ልንገረው?» ፈቃድ እየጠየቀችኝ ነበር። በአባቴና በአንድ ቢሮ መካከል ፈቃድ ስሰጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። «እባክሽ ንገሪው» አልኳት።

«ቁጥር የላትም» አለችው። «ማንም ቁጥር የለውም። ሊስት እንለዋለን እንጂ ሰልፍ አይደለም። የተቀበልናቸው ልጆች እስከ ሜይ አንድ መልስ ይሰጡናል። ከዚያ ስንት መቀመጫ እንደቀረ፣ በየትኛው ትምህርት እንደጎደለ እናያለን። የጎደለው ነርሲንግ ከሆነ ነርሲንግ ያመለከተውን እንፈልጋለን። ያኔ አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ ማኅደሮቹን እንደገና ያነባል። አንዳንድ ዓመት ብዙ ልጅ እንጠራለን። አንዳንድ ዓመት አንድም አንጠራም። እኔም አላውቅም፤ ዲኑም ዛሬ አያውቅም።»

ጋሼ ምን አለች ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩላቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

«ተራ የሌለው ወረፋ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ቀድሞ የመጣም ቀድሞ አይገባ?»

«አይገባም።»

«እና ውሳኔው እነዚህ ሰዎች እጅ አይደለም ማለት ነው። ውሳኔው ያለው ተቀብለናችኋል የተባሉት፣ ገና እሺ ያላሉት ልጆች እጅ ነው።»

«እንደዚያ ይመስላል።»

«እንግዲህ» አሉ ጋሼ ወደ አባቴ ዞረው፣ «የተሳሳተ ቤት ነው የመጣነው። ሽማግሌ መላክ የነበረብን ወደነዚያ ልጆች ነው። እባካችሁ አትምጡ፣ ሌላ ቦታ ግቡ ብለን።»

አባቴ ሳቀ። ካለፈው ወር ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ሴትዮዋም ምን እንደተባለ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ከዚያ ጋሼ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ያ ሁሉ ልመና ወደቀረበበት ወንበር ሄደው ተቀመጡ። ጉዳዩ ተሰምቷል። ሴትዮዋ ረጅም ትንፋሽ ወስዳ እሷም ተቀመጠች።

ለእኔ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። አሁንም መምጣት እንደምፈልግ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ እንድልክ፣ የመጨረሻ ውጤቴን እንዳስልክ፣ በየቀኑ እንዳልደውል ነገረችኝ። በየቀኑ እንዳልደውል ስትለኝ እናቴ ብትሰማ እንዴት እንደምትስቅ አሰብኩ።

ስንመለስ ጋሼ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ሳያስፈልገን አባቴ ነዳጅ ማደያ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ከደረት ኪሱ ካርዱን አውጥቶ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ።

«ያንን ክፈችው» አለኝ።

«ቤት ስንገባ ይደርሳል እኮ፣ አባዬ።»

«አሁን ክፈችው። እያየሁ።»

ስልኬ ላይ ከፍቼ የመንግሥቱን ዩኒቨርሲቲ ቅጽ ሞላሁ። እመጣለሁ የሚለውን ስጫን አባቴ ከፊት ወንበር ዞሮ ስክሪኑን ያያል። ማረጋገጫው ሲመጣ «አነበበችው?» አለ፤ ኮምፒውተሯን ማለቱ ነው።

«አነበበችው።»

«ያኛው አልተዘጋም?»

«አልተዘጋም። ሰምተሃታል።»

«በአፏ ብላለች» አለ። ለእኔ የተናገረው አልነበረም። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ያዘ። «ያ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ልጅ የሚጠይቅለት አጣ።» ስለ ካርቱሙ ጓደኛው እንደሚያወራ ገባኝ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ነፍስ ይማር» አሉ። አባቴ «ኧረ አልሞተም፣ ጋሼ» አላቸው። «እንግዲያው ያቆየው» አሉ፤ ጉዞ ቀጠልን።

ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት። አባቴ ስለ ካርቱም እንዲገባበት ፈለገ። ጋሼ ለተከበረው መሥሪያ ቤታችሁ ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታችንን እናቀርባለን ከሚል እንዲጀምር ፈለጉ። እናቴ «ልጅቷ የምትፈልገውን ትጻፍ» አለች። መስኮት ሥር ስላየኋት አንባቢ ልጅ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ነበር። ላክሁት።

አሁን ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ በየኤፕሪሉ የማላውቃቸው እናቶች ቁጥሬን ከእናቴ ተቀብለው ይደውሉልኛል። ልጄ ዌይትሊስት ላይ ናት፣ ስንተኛ ትሆን? ይሉኛል። ቁጥር የለም እላቸዋለሁ። መቀመጫ በሰጣችሁ ቦታ አስቀድማችሁ ተቀመጡ፤ ከዚያ ጠብቁ እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ያመኑኝ አይመስለኝም። ስልኩን ለልጅሽ ስጪልኝ እላለሁ። ልጅቷ ትቀርባለች፤ ዝም ትላለች። እኔም ትንሽ ዝም እላለሁ። ጊዜ እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

በዚያ ዓመት ግን ሜይ ያለ ጥሪ አለፈ። አባቴ ከሥራ በገባ ቁጥር ጫማውን ሳያወልቅ «ፕሮሰሱስ?» ይላል፤ እኔም «ገና ነው» እላለሁ። ጁን ላይ ሌዊስቪል የሚገኝ አንድ የልብስ መደብር ሥራ ጀመርኩ። ደንበኞች ለክተው የተዉትን ልብስ ማጠፍ ነው ሥራዬ፤ ከልብስ ጋር ብዙ ንግግር ስለሌለ ወድጄው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ኢሜይሉ መጣ። ባለፈው ሳምንት መቀመጫቸው ስለሞላ ዌይትሊስቱ ተዘግቷል። እናመሰግናለን፣ መልካም ዕድል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእረፍት ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሠራተኞች ስለነበሩ ልብስ መለኪያ ክፍል ገብቼ መጋረጃውን ሳብኩና ቁጭ አልኩ። በሦስቱም በኩል መስታወት ነው። ስታለቅሺ ሦስት ቦታ ታለቅሻለሽ።

ከዚያ አባቴ ጋ ደወልኩ። ኤርፖርቱ አጠገብ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር፤ የአውቶቡሱ በር ሲከፈት ይሰማኛል።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ገና ሄሎ ሳልል። እኔ ደውዬ አላውቅማ።

«ተዘጋ፣ አባዬ።»

የሻንጣ ጎማ ድምፅ ሰማሁ።

«ሁለቱም?»

ያን ጊዜ ነው ምን ያህል ፈርቶ እንደኖረ የገባኝ። «አይደለም» አልኩት ቶሎ ብዬ። «ያኛው ብቻ። የመንግሥቱ አለ። ኦገስት እጀምራለሁ።»

«አለ?»

«አለ።»

«ተመስገን» አለ። ከዚያ ለተሳፋሪ በእንግሊዝኛ ደኅና ዋሉ፣ ሻንጣውን እኔ አነሳዋለሁ አለ። ድምፁ ደኅና ነበር። «የኔ እናት፣ ምሳሽን ብዪ» አለኝና ዘጋ።

በሳምንቱ እናቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ለማን ነው አልኳት። ለሴትዮዋ አለችኝ። ጋሼ ናቸው ያዘዙት። ሽማግሌ የገባበት ቤት እሺ ቢልም እምቢ ቢልም ምስጋና ሳይደርሰው አይቀርም ብለዋል። አባቴ ሥራ ነበረበት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ወሬ ነው። «ታውቂው የለ መንገዱን» አለኝ፣ ቁልፉን ሰጠኝ። ዳቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ እናቴ ጎኔ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ቀበቶ አሰረችለት።

በቀኝ መስመር ብቻ እየነዳሁ ሄድኩ። አንድ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ አንድ ሰዓት ከግማሽ ወሰደብኝ። ያንኑ ቦታ ፓርክ አደረግኩ። ከመስታወቱ በስተጀርባ ሴትዮዋ ተቀምጣለች፤ ወንበሩም እዚያው አለ። ብዙ አልቆየሁም። ዳቦውን ታቅፌ ገባሁ።

መጀመሪያ አላወቀችኝም። ያን ቀን አልቀመጥም ያሉትን ጌታ ሳነሳላት ተነሳች።

«ሃኒ» አለች። «ውጤቱን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በጣም አዝናለሁ።»

«ሌላው ዩኒቨርሲቲ ቦታ ይዣለሁ» አልኳት። «ያን ቀን ከዚህ ስንወጣ፣ መንገድ ላይ ያዝኩት። አንቺ ባትነግሪን ኖሮ አልይዘውም ነበር። እናቴ ይህን ልካልሻለች።»

ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። ሽታው አዳራሹን ሞላው። ፊቷ ሲለሰልስ፣ ከዚያ ሲጨነቅ አየሁት። ዳቦውን ቀስ ብላ ወደ እኔ መለሰችው።

«ምን ላድርግ፣ ሕግ አለብን። ከአመልካች ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም።»

ወደ መኪናው ልመለስ እግሬ ዞሮ ነበር። አንድ ሰዓት ከግማሽ በቀኝ መስመር፣ ቀበቶ የታሰረለት ዳቦ። ከዚያ ዞርኩ፤ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ድገሚ እንዳትለኝ ጮክ አልኩ።

«አሁን እኮ አመልካች አይደለሁም» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ቢላ ፈለገች።